የባሕሩ እርም

ደሴቲቱን መጀመሪያ ያየኋት አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ጊሜል በሚባለው ሰፈር፣ እናቴ ቤት፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው። ከሰማይ የተነሣች ትልቅ ፎቶግራፍ ነበረች። እንዳትጠቀለል አራቱን ጫፎቿን በጨው ዕቃ፣ በሁለት ብርጭቆና በእናቴ የመድኃኒት ሣጥን አስያዝኋት። መካከሏ አረንጓዴ፣ ዙሪያዋ ነጭ አሸዋ፣ ከአሸዋው ቀጥሎ ስም የማላወጣለት ሰማያዊ ውሃ። ከዚያ ውጭ ጥቁሩና ጥልቁ ባሕር ይጀምራል። በሰማያዊውና በጥቁሩ መካከል ቡናማ መስመር እንደ ቀለበት ዞሯል፤ የኮራሉ ግንብ እሱ ነው።

እናቴ እጇን በፎጣ እያደረቀች መጣችና በትከሻዬ ላይ አሻግራ አየች።

«ይኸ ደግሞ የማን ዓይን ነው?»

እውነትም ዓይን ይመስል ነበር።

«ሰዎች የሚኖሩበት አገር ነው፣ እማዬ። ውቅያኖስ መካከል።»

«ዙሪያውን ሁሉ ባሕር?»

«ዙሪያውን ሁሉ።»

«ክፉ ቀን ሲመጣ ወዴት ይሸሻሉ ታዲያ?» አለችና መልሴን ሳትጠብቅ ወደ ድስቷ ተመለሰች።

የምሠራው አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ነው። በባሕር ዳር የሚኖሩ ሰዎች ባሕራቸውን ራሳቸው እንዲጠብቁ እናግዛለን። ይህን ለእናቴና ለጎረቤቶቿ ማስረዳት ቀላል ሆኖልኝ አያውቅም። «ባሕር ደግሞ እንዴት ይጠበቃል? ከብት ነው?» ይሉኛል። ስለ ኮራል ስነግራቸው ግን ዝም ብለው ያዳምጣሉ። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ድንጋይ አይደለም። ከምስር ፍሬ የማይበልጡ ፍጥረታት እልፍ አእላፍ ሆነው፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየተደገፈ፣ ብዙ ዘመን የሚፈጅ ቤት ይሠራሉ። ዓሣው እዚያ ይራባል፣ እዚያ ያድጋል። ከውቅያኖስ የሚመጣው ማዕበልም መጀመሪያ የሚመታው ያን ግንብ ስለሆነ መንደሩ ጋ ሲደርስ ጕልበቱ ዝሏል። ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ኮራሉ ቀለሙን ይጥልና እንደ አጥንት ይነጣል። ቶሎ ከበረደለት ያገግማል፤ ካልበረደለት ይሞታል። አረሙን የሚግጡት ዓሦች ተጠምደው ካለቁ ደግሞ አረሙ ያፍነዋል። ስለዚህ የደሴቶቹ ሰዎች ከባሕራቸው ከፊሉን ለይተው ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጉታል፤ እዚያ ማጥመድ ክልክል ይሆናል። ይህን እኛ አላስተማርናቸውም። ከአያት ከቅድመ አያት የወረሱት ነው። እኛ የምንጨምርላቸው ካርታና ቆጠራ ብቻ ነው።

እኔ ራሴ ከባሕር ጋር የተዋወቅሁት ዘግይቼ ነው። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭነን ወደዚህ አገር ስንመጣ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ከዚያ በፊት የማውቀው ትልቅ ውሃ ጎንደር፣ ከቤታችን ቁልቁል የሚያልፈው ወንዝ ነበር። አሽዶድ ስንገባ እናቴ ማሪናው ላይ አንድ ካፌ ውስጥ ጽዳት ያዘች። ከትምህርት ቤት በአውቶቡስ እወርድና ሥራዋን እስክትጨርስ ጀልባዎቹ የሚታሰሩበት ዳር እቀመጣለሁ። ጀልባዎቹ ከነገመዳቸው ይወዛወዛሉ፣ በምሰሶዎቻቸው ላይ ያሉት ብረቶች እንደ ቃጭል ይንቃጨላሉ፤ እኔ በእንቅልፍና በንቃት መካከል ሆኜ ከእግሬ ሥር ያለውን አረንጓዴ ውሃ አያለሁ። እናቴ በመስኮት ብቅ ብላ «እንዳትጠጊ!» ትላለች፤ አልጠጋም። በአሥራ ስድስት ዓመቴ ግን የጀልባዎችን ሆድ የሚያጸዳ አንድ ጠላቂ መነጽሩን አዋሰኝና ራሴን ውሃ ውስጥ ነከርሁ። ድምፅ ሁሉ ጠፋ። አማርኛም የለ፣ ዕብራይስጥም የለ፣ የምተረጕምለት ሰው የለ። የገዛ ልቤን ምት ብቻ ነበር የምሰማው። ብዙ የቆየሁ መስሎኝ ቀና ስል ሰውየው ገና የመነጽሩን ማሠሪያ እንደ ያዘ ነበር። ከዚያ በኋላ ሠራዊት ገባሁ፣ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ሥራ ያዝሁ፤ ሁሉም ከዚያች ደቂቃ የተቀዳ ይመስለኛል።

እናም ወደ ደሴቲቱ ከመሄዴ በፊት በእናቴ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሳምንት ሠራሁ። የመንደሩ ሰዎች ከውሃ ሥር ያነሷቸውን ፎቶግራፎች አንድ በአንድ አየሁ፤ ኮራሉ በምዕራብ በኩል ደኅና ነበር፣ በምሥራቅ በኩል ተጎድቷል። ደኅናውን ዘግቶ ማዳን ይሻላል አልሁ። በቀይ እስክሪብቶ፣ በማስመሪያ፣ ከምዕራብ ጫፍ እስከ ደቡብ ጫፍ አንድ መስመር አሰመርሁ። ቀጥ ያለ፣ ያማረ መስመር ነበር። እውነቱን ለመናገር ኮራሁበት።

ሦስት አውሮፕላን ቀይሬ፣ በመጨረሻም በትንሽ ጀልባ ደሴቲቱ ደረስሁ። ሦስት ወር ተቀመጥሁ።

ያረፍሁት የመንደሩ አለቃ አክስት ቤት ነው። ባል የሞተባቸው፣ በዕድሜ ከእናቴ ጥቂት የሚበልጡ፣ ሰፊ ትከሻ ያላቸው ሴት ነበሩ። ልጅ ሳሉ በተማሯት እንግሊዝኛ እንግባባለን። ቤታቸው በቅጠል የተከደነ፣ ወለሉ ሁሉ የተሸመነ ምንጣፍ ነው። ተኝቼ የውቅያኖሱን ድምፅ ስሰማ ከግንቡ ላይ የሚሰበረው ማዕበል ሩቅ የሚያልፍ ባቡር ይመስለኝ ነበር።

በደረስሁ ማግስት ምሳ አቀረቡልኝ፤ በኮኮናት ወተት የተቀቀለ የዛጎል ሥጋ። እሳቸውን ላለማሳዘን ሳህኑን ተቀብዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥሁት፤ መብላት ግን አልቻልሁም።

«ታመሻል?» አሉኝ።

«አይ እናቴ፤ በእኛ ዘንድ ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር እንስሳ…» ብዬ ቃል አጣሁ። በአማርኛ ቢሆን እርም ነው ብዬ እገላገል ነበር። እንግሊዝኛው አልመጣልኝም። እሳቸው ግን ቃሉን ከራሳቸው ቋንቋ አወጡልኝ። ባሕሩን ሲዘጉ የሚሉት ቃል ነው፤ ያልተነካ፣ የማይነካ ማለት ነው።

«አዎ፣ እሱን ማለቴ ነው።»

ሳቁ፤ ሳህኑንም ሳይቀየሙ አነሱት። «የእኔ ዘመዶች የባሕር ዔሊ አይነኩም፤ የባሌ ዘመዶች ሻርክ አይነኩም። እርም የሌለው ሰው ሆድ ብቻ ነው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእኔ ዓሣ ከማብሰላቸው በፊት ቅርፊቱን በጥፍራቸው ፍቀው ያሳዩኛል። «ይኸውልሽ፤ ልብስ የለበሰ ነው» ይላሉ።

ቀን ቀን ከመንደሩ ወጣቶች ጋር እጠልቃለሁ። ስለ ምዕራቡ ግንብ ምን ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም። ውሃው ከመጥራቱ የተነሣ ጀልባችን አየር ላይ የተንጠለጠለች ትመስላለች፤ ጥላዋ ከታች አሸዋው ላይ ይከተለናል። ኮራሉ አንዳንዱ እንደ አጋዘን ቀንድ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ አንዳንዱ እንደ ገበታ ይዘረጋል፣ አንዳንዱ እንደ ጎመን ይጠቀለላል። ቢጫ ዓሦች በመንጋ ይመጡና ፊቴ ሲደርሱ ለሁለት ተከፍለው ያልፋሉ። አረም የሚግጡት ትልልቆቹ ኮራሉን ሲነክሱ የሚሰማው ድምፅ ቆሎ የሚቆረጥም ሰው ነው የሚመስለው። ወደ ታች ወርጄ ሳልንቀሳቀስ ስቆም ሰውነቴ የት እንደሚያልቅ፣ ውሃው የት እንደሚጀምር ይጠፋኛል። ስወጣ ሰዎች ሲያነጋግሩኝ መልስ ለመስጠት ጥቂት ጊዜ ይወስድብኛል። ልሳኔም ሌላ ቦታ ቆይቶ የሚመጣ ይመስለኛል።

በሦስተኛው ሳምንት ስብሰባ ተጠራ። መሰብሰቢያው ግድግዳ የሌለው ትልቅ ዳስ ነው። ወንዶቹ ከፊት ተቀመጡ፤ ሴቶቹ ከኋላ፣ ምሰሶዎቹ አጠገብ። ካርታዬን አንጠለጠልሁ፤ ቀዩን መስመር በጣቴ እየተከተልሁ አስረዳሁ። ከመስመሩ ወዲህ ለአምስት ዓመት ማንም ምንም አያነሣም። አለቃው ቃሌን ተረጐሙ።

«ትስማማላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ።

ወንዶቹ ጥቂት ተነጋገሩና እሺ አሉ። ወደ ኋላ ተመለከትሁ። ሴቶቹም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሺ። አስተናጋጄ፣ የአለቃው አክስትም፣ ምንጣፉን እየተመለከቱ ነቀነቁ። ደስ አለኝ። በዚያው ከሰዓት በኋላ ስልክ የሚሠራባት አንዲት የኮኮናት ዛፍ ሥር ቆሜ ለቡድናችን አስተባባሪ ደወልሁ። እሱ የሚቀመጠው በሌላ ደሴት፣ ከተማ ውስጥ ነው። «ሁሉም ተስማምተዋል» አልሁት። የስምምነቱን ወረቀት ወዲያው ወደሚመለከታቸው ላከው።

አስተናጋጄ ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ዝም አሉ። ተቀይመው አልነበረም፤ ዓሣዬን ያበስላሉ፣ ቅርፊቱን ያሳዩኛል፣ ግን አያወሩም። በሦስተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

«ተነሺ። ውሃው ሄዷል።»

ወጣሁ። ባሕሩ በእርግጥም ሄዶ ነበር፤ እዚያ በየቀኑ ይሸሽና ይመለሳል። ማታ ሰማያዊ የነበረው ሁሉ እስከ ግንቡ ድረስ ዕርቃኑን ወጥቷል፤ እርጥብ ድንጋይ፣ ትንንሽ ኩሬዎች፣ አረንጓዴ ሣር። ሰማዩ ሐምራዊ ነው፤ ኩሬዎቹም ያንኑ ቀለም ይዘዋል። ሴቶች ቅርጫት በክንዳቸው፣ ልጃቸውን በጀርባቸው አድርገው፣ በዚያ ሁሉ መካከል ጎንበስ ቀና ይላሉ። ማንም አይጮኽም። እያንጎራጎሩ ነው የሚለቅሙት።

አስተናጋጄ እጄን ይዘው ወሰዱኝ። አንድ ድንጋይ ገልብጠው ከሥሩ ዛጎል አንሥተው ድንጋዩን እንደ ነበረ መለሱት። ሌላ ቦታ ሄደው አንድ ቀዳዳ አሳዩኝ፤ ስምንት እግር ያለው እንስሳ ያደፈጠበት ነው፤ ትንሽ ስለሆነ ተዉት። አንዲት ወጣት እናት አጠገባችን አለፈች፤ ቅርጫቷ እስከ ግማሽ ሞልቷል። ከእሷ ኋላ አንዲት ምርኩዝ የያዙ ባልቴት አሉ፤ ጀልባ የላቸውም፣ መረብ የላቸውም፣ ልጅም አልቀረላቸውም። በየቀኑ የሚበሉት ከዚህ ነው።

ቀና ብዬ ወደ ባሕር ዳሩ አየሁ። የት እንደ ቆምሁ ለማወቅ ከካርታዬ የማውቃቸውን ትልቁን ዛፍና የአለቃውን ቤት ፈለግሁ። ያን ጊዜ ገባኝ። የቆምነው ከቀዩ መስመሬ ወዲህ ነበር። ሴቶቹ ሁሉ የቆሙት እዚያው ነበር። ከሰማይ በተነሣው ፎቶግራፍ ላይ ይኸ ቦታ ውሃ ነው፤ ሰው አይታይበትም።

«እናቴ፣ በስብሰባው ላይ እሺ ብለዋል እኮ» አልኋቸው።

«ሩቅ አገር አቋርጠሽ መጣሽ። እንግዳ ነሽ። በሰው ፊት እንዴት እንቢ ይባላል?»

ያን ንግግር ከዚያ በፊት፣ በአማርኛ፣ ሰምቼዋለሁ።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ። እናቴ አንድ ቢሮ ተጠርታ እኔ ልተረጕምላት አብሬአት ሄድሁ። የቢሮዋ ሴትዮ ደግ ነበረች፤ ብስኩት ሰጠችኝ። ታላቅ እህቴ ሩቅ ከተማ አዳሪ ትምህርት ቤት ብትገባ እንደሚሻላት በጥሩ ቃል አስረዳች። እኔ ተረጐምሁ። እናቴ ጥቂት ዝም አለችና «ቤሴደር» አለች። እሺ ማለት ነው፤ እናቴ መጀመሪያ የተማረቻት የዕብራይስጥ ቃል እሷ ናት። ሴትዮዋ ደግማ ጠየቀች፤ እናቴም ደግማ «ቤሴደር» አለች። እህቴ በወሩ ሄደች። በሄደች ቀን እናቴ የሕንፃችን ደረጃ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

«አልፈለግሁም ነበርኮ» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን ቤሴደር አልሽ?»

«ሰው በክብር ሲያናግርሽ እንዴት ፊት ለፊት እንቢ ይባላል? ዝም ስል ይገባታል ብዬ ነው።»

እሺ ይበልጣል ከሺህ እየተባለ ያደገ ሰው እሺታው ብዙ ዓይነት ነው። ሰማሁ የሚል እሺ አለ፣ አከበርሁ የሚል እሺ አለ፣ ተዪኝ የሚል እሺ አለ። ያን ቀን ቢሮው ውስጥ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ፤ ቃሉን ተርጕሜ ዝምታዋን ሳልተረጕም ቀረሁ። ልጅ ነበርሁ ብዬ ራሴን ይቅር ብያለሁ። አሁን ግን ልጅ አልነበርሁም።

ውሃው መመለስ ጀመረ። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚታችንን ነካ። ሴቶቹ ቅርጫታቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው ተሰልፈው ወደ ዳር ሄዱ፤ እኛም ተከተልናቸው።

ያን ዕለት ወደ ኮኮናቷ ዛፍ ሄጄ ለአስተባባሪው ደወልሁለት።

«መስመሩ ተሳስቷል። የሴቶቹን መልቀሚያ ዘግቼዋለሁ።»

«ተስማምተዋል ብለሽኝ የለም ወይ? ወረቀቱ ሄዷል።»

«እሺ ብለዋል፤ አልተስማሙም።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እውነት አልገባውም ነበር።

«ልዩነቱን አሽዶድ ያለችው እናቴ ትንገርህ» አልሁት። እሱም በረጅሙ ተነፈሰና «ለማስተካከል አንድ ሳምንት አለሽ» አለኝ።

ሁለተኛውን ስብሰባ በሌላ መንገድ አደረግሁት። ካርታውን አላንጠለጠልሁም፤ መሬት ላይ፣ ምንጣፉ መካከል ዘረጋሁት። ቀዩን መስመር አጥፍቼዋለሁ። ትስማማላችሁ ብዬም አልጠየቅሁ። «የመጣሁበት ካርታ ስሕተት ነበር፤ ስሕተቱ የእኔ ነው» አልሁ። ከዚያ በቅርጫት የሞላሁትን ባዶ ዛጎል አስቀምጬ፣ እያንዳንዱ ሰው ምግቡን የሚያገኝበት ቦታ ላይ አንድ አንድ እንዲያስቀምጥ ለመንሁ።

ወንዶቹ ተነሡ፤ ጥልቁ ባሕር ላይ፣ ምሥራቅ ላይ አስቀመጡ። ሴቶቹ አልተንቀሳቀሱም። በመጨረሻ አስተናጋጄ ከምሰሶው አጠገብ ተነሥተው፣ በወንዶቹ መካከል ጎንበስ ብለው አልፈው፣ ምዕራቡ ላይ አንድ ዛጎል አኖሩ። ከዚያ ባለ ምርኩዟ ባልቴት ተነሡ። ከዚያ ወጣቷ እናት። ከዚያ ሁሉም። ሲጨርሱ ምዕራቡ ዳር በዛጎል ነጭ ሆኖ ነበር።

አለቃው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «ልጅ ሆኜ እናቴን ተከትዬ የምሄደው እዚያ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ረስቼው ነው።»

ነገሩ ግን በዚያ አላለቀም። የሴቶቹ ቦታ ክፍት ከሆነ ሌላ ቦታ መዘጋት ነበረበት። ከግንቡ ውጭ ያለው ጥልቁ ምዕራብ ተመረጠ፤ እሱ ደግሞ ወንዶቹ በጀልባ የሚያጠምዱበት ነው። አንድ ጎበዝ ዓሣ አጥማጅ ተቈጥቶ ወጣ፤ አራት ቀንም አላናገረኝም። እነዚያን አራት ቀናት ከሴቶቹና ከወንዶቹ ጋር ድንጋይ በድንጋይ እየተራመድን አዲሱን ወሰን አወጣን። ከዚህ አለት ወዲህ፣ ከዚያ ቀዳዳ ወዲያ፣ ባልቴቷ እስከሚደርሱበት ድረስ። አዲሱ መስመር ጠመዝማዛ ነበር፤ ከመጀመሪያውም አነሰ። ይበቃ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። በመጨረሻው ቀን ያ ዓሣ አጥማጅ መጣና ወሰኑን የሚያሳየውን ተንሳፋፊ ራሱ ጠልቆ አሰረ።

አሽዶድ ስመለስ መሬቱ ለብዙ ቀን ከሥሬ ይወዛወዝ ነበር። በእናቴ ባልኮን ላይ ተቀምጬ ከሕንፃዎቹ መካከል የምትታየውን ቁራጭ ባሕር ሳይ፣ ውሃው አሁን ሄዶ ሴቶቹ ወጥተው ይሆን እላለሁ። እዚህ ጠዋት ሲሆን እዚያ ይመሻል። የአስተናጋጄ ምራት የመንደሩ አስተማሪ ናት፤ በስልክ የድምፅ መልእክት ትልክልኛለች። እኔ ወደ ሥራ በአውቶቡስ ስሄድ የእሷ ማዕበል ጆሮዬ ውስጥ ይሰበራል። እናቴም ለመደችው። «ዛሬስ ሴትዮሽ ምን አሉ?» ትለኛለች። አስተናጋጄን ማለቷ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ከባድ ሙቀት መጣ። የሚላኩልኝ ፎቶግራፎች ነጭ ሆኑ። ያ የአጋዘን ቀንድ፣ ያ ገበታ፣ ሁሉም ነጭ። ያን ሰሞን የእኛም ባሕር ሞቆ በአሽዶድ ዳርቻ ጄሊፊሽ የሚሉት የሚለበልብ ዝልግልግ እንስሳ ሞልቶ ሰው አይዋኝም ነበር። በእናቴ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጬ ነጮቹን ስቆጥር እሷም መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ከአራት ወር በኋላ ሙቀቱ በረደ። ከነጣው ከፊሉ ሞተ፤ ከፊሉ ግን ቀስ በቀስ ቡናማ፣ ከዚያም አረንጓዴ አወጣ። በተዘጋው ጥልቁ ምዕራብ አረም የሚግጡት ዓሦች በዝተው ስለነበር የሞተውን አረም አላለበሰውም፤ አዳዲስ ቡቃያ ያዘበት። ይህን ስሰማ ጮኼ እናቴን አቀፍኋት፤ ምን እንደ ሆነ ሳይገባት አብራኝ እልል አለች።

ባለፈው ዓመት፣ ከሰንበት ማግስት አንድ ጠዋት፣ የምራቲቱ መልእክት መጣ። ድምፅዋ ደክሟል። አስተናጋጄ ሞተዋል። ተኝተው ነው ያረፉት። ከዚያም ይህን ጨመረች፤ በእነሱ ልማድ ትልቅ ሰው ሲሞት የሟቹ ባሕር ለመቶ ቀን ይዘጋል። ሴቶቹ ተሰብስበው ያን መልቀሚያቸውን፣ እኔ በስሕተት ዘግቼው በኋላ የከፈትነውን ቦታ፣ ለሳቸው ሲሉ ዘግተውታል። ማንም አላዘዛቸውም። እስከ መቶ ቀን ድረስ ባለ ምርኩዟን ባልቴት ወንዶቹ ከሚያጠምዱት ይመግቧቸዋል።

ለእናቴ ነገርኋት። ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ተቀመጠች።

«በባሕሩ እርም አወጡላቸው በይኛ» አለች።

በአማርኛ ሁለቱም አንድ ቃል መሆናቸውን፣ የማይነካውም እርም፣ ለሙት የሚወጣውም እርም መባሉን፣ ያን ጊዜ ነው ልብ ያልሁት። ለስንት ዓመት ስናገረው ኖሬ።

«መልስ ላኪላቸው» አለችኝ። «ሰው ሞቶባቸው ዝም አይባልም።»

«ምን ልበል?»

እናቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደች። በሮቫ ጊሜል ለቅሶ ቤት ሁሉ ሙሾ አውራጅ እሷ ናት። ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ዓይኗን ጨፈነችና አይታቸው ለማታውቃቸው ሴት በዜማ አወረደች፦

«ባሕር ሄዶ ሄዶ ማታ ይመለሳል፣
የእርስዎ መንገድ ግን እስከ የት ይደርሳል?»

ሦስት ጊዜ ደጋገመችው። እኔ ትርጕሙን በእንግሊዝኛ አስከትዬ ላክሁ።

ለረጅም ጊዜ መልስ አልመጣም። መቶው ቀን ሲሞላ፣ እኔና እናቴ ከገበያ ተመልሰን ደረጃውን ስንወጣ፣ ስልኬ ጮኸ። ምራቲቱ የቀረጸችው ነው። ሴቶቹ መልቀሚያውን ሲከፍቱ ነው። ድንጋዮቹን ሲረግጡ ይሰማል፣ ልጅ ሲስቅ ይሰማል። ከዚያ አንዲት ሴት ጀመረች፤ ሌሎቹ ተቀበሉ። መጀመሪያ አልለየሁትም። የእናቴ ዜማ ነበር። ከስልክ እየሰሙ አጥንተውታል። ቃሎቹን ግን በራሳቸው አፍ አለዝበዋቸዋል፤ «ባሕር» የሚለው ብቻ በደንብ ይሰማል።

እናቴ ዘንቢሏን ደረጃው ላይ አስቀምጣ ቁጭ አለች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥሁ። የሁለተኛው ፎቅ ጎረቤታችን ሊያልፍ መጥቶ እንዲህ ተቀምጠን ሲያየን በዕብራይስጥ «ሁሉ ደኅና ነው?» አለን። እናቴ በእጇ ዝም በል አለችው። እሱም ቆሞ አብሮን ሰማ።

«አበላሽተውታል» አለች እናቴ ሲያልቅ፤ ትስቃለች፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። «ድገሚልኝ እስቲ።»

ደገምሁላት።